አሸዋ ላይ የተነጠፈው ዱንጉዛ

በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች። የቤቱ ጌታ ዳልጮ ሸማኔ ነው። ተወልዶ ያደገው ከዓባያ ሐይቅ በላይ ባለችው የኦቾሎ መንደር ሲሆን፣ ወደ ከተማ የወረደው ልጆቹ ፊደል እንዲቆጥሩለት ብሎ ነው። ሚስቱ ዘርፈሽ ትፈትላለች፤ እሱ ይሸምናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷ ያልፈተለችውን ክር እሱ አልሸመነም፣ እሱ ያልሸመነውንም እሷ አልለበሰችም። ድሆች ነበሩ። ጎመን በልተው ያደሩበት ቀን ብዙ ነው። ነገር ግን በዚያች ቤት ውስጥ ውሸት አይነገርም ነበር። የኦቾሎ ሰው ውሸትን ጎሜ፣ ቅጣት የሚያመጣ ነውር ይለዋል፤ ጎሜ ያለበት ቤት ውስጥ በሽታና ሞት ሳይጠሩት ይገባል ብሎ ያምናል።

ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ሴቲቱ ብርቅዬ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ተሸካሚ ሆነች። ለምን? ታላቅ ወንድሟ ታምሩ እንዲማር ነዋ! ታምሩም ተማረ። በምዕራብ ዓባያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተማረ፤ ከዚያም በ2004 ዓ.ም. ከጓደኛው ከሸዋንዳኝ ጋር ታይላንድ በሚባል ሩቅ አገር የመምህርነት ሥራ አገኘ። በሄደ ቀን ዳልጮ በገዛ እጁ የሸመነውን ዱንጉዛ ትከሻው ላይ ጣለለት። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነው፣ እንደ ጋሞ ዱንጉዛ ሁሉ። ጠርዙ ላይ ግን አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለችው። ያችን መስመር ከዳልጮ በቀር የሚያስገባ ሸማኔ የለም፤ ዘርፈሽ ሙሽራ ሳለች «የእኔም ምልክት ይኑርበት» ብላ የጠየቀችው ነች።

«ይህን ስትለብስ የማን ልጅ እንደሆንክ አትረሳም» አለው።

«አባ፣ ከትከሻዬ አላወርደውም» አለ ታምሩ፤ አቅፎትም አለቀሰ።

በ2006 ዓ.ም. የጥር ወር ላይ ዘርፈሽ ታመመች። ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኘ። ሐኪሙ ዳልጮን ለብቻው ጠርቶ፣ ሐዋሳ ሄዳ በቶሎ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ትድናለች፣ ከዘገየች ግን ተስፋ የለም አለው። ዳልጮ ፍራሹን ጠቅልሎ ለመንገድ ተዘጋጀ። ዘርፈሽ ግን አልነሳም አለች።

«ታምሩ የወጣበትን ሆድ ታምሩ ሳያየኝ ቢላ አይነካውም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«ቢላው ሥር ብቀርስ? አይቼው ልግባ። አንድ ጊዜ ብቻ አይቼው ልግባ...»

ዳልጮ ተቆጣ፣ ብርቅዬ አለቀሰች፣ ጎረቤት ለመነ። የእናትን ልብ ማን ይመልሳል? በየካቲት ለታምሩ ተደወለለትና ሁሉም ተነገረው። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «እማ፣ ለሆሣዕና እመጣለሁ። ትምህርት ቤት ይዘጋል። እጅሽን ይዤ የማስገባሽ እኔ ነኝ» አላት። ያን ቀን ዘርፈሽ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ቀመሰች። በማግስቱም ተጋድማ እንዝርቷን አነሳች። ልጁ ሲመጣ የሚለብሰው አዲስ ዱንጉዛ ይኑረው አለች። እሷ አልጋ ላይ ትፈትላለች፤ ዳልጮ መሸመኛ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን ይወረውራል። በበሩ ታየዋለች።

«ይሄ ሽማግሌ ለእኔ ሲሸምን ወገቤን ይላል። ለልጁ ሲሆን ጣቱ ጎረምሳ ይሆናል» ትለዋለች።

«ያንቺ ክር ነው ጎረምሳው» ይላታል። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም።

የሆሣዕና ዋዜማ ዳልጮና ብርቅዬ መናኸሪያ ዋሉ። አውቶቡስ ሁሉ ገባ፤ ሰው ሁሉ ወረደ። ታምሩ የለም። በማግስቱ፣ ብርቅዬ የዘንባባውን ቀለበት ለእናቷ ጣት ስታደርግላት ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ አልሆነልኝም። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ከለከለኝ። ፈተና አርም ብለው አስቀሩኝ።»

«ይሁን ልጄ። እንጀራህ ነው። እኔ ትንሽ ብቆይ ምን እሆናለሁ?» አለች ዘርፈሽ። የምትናገረው ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ዳልጮ ስልኩን ተቀበላት። ከወዲያ በኩል ሹ... ሹ... የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይመጣል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ማራገቢያ ነው አባ። እዚህ ሙቀቱ አያስቀምጥም።»

ማክሰኞ ዕለት የሸዋንዳኝ እናት ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወርዳ ታማሚ ልትጠይቅ መጣች። ባሏ ከሰሜን የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ክፋት የማታውቅ ሴት ናት። ዳልጮን ደጅ ላይ አገኘችውና ከቦርሳዋ ስልክ አወጣች።

«ጋሽ ዳልጮ! ልጆቻችን ጉድ ሆነዋል እኮ! እስቲ ይዩልኝ፣ እንዴት እንዳማረባቸው!»

ዳልጮ አየ። አምስት ወጣቶች ናቸው። ነጭ አሸዋ ላይ ተጋድመዋል። ከኋላቸው የኮኮናት ዛፎችና እንደ ሰማይ የጠራ ባሕር አለ። ሸዋንዳኝ አለ። ታምሩ አለ፤ ራቁት ደረቱን፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። አሸዋው ላይ አንድ ጨርቅ ተነጥፏል። በላዩ የቢራ ጠርሙሶች፣ የተበላ ዓሣ አጥንትና የአንዱ እርጥብ እግር አርፈዋል። ዳልጮ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር... ጠርዙ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር።

«ይሄ የት ነው?»

«ደሴት ነው። ከጓደኞቻቸው ጋር እየተዝናኑ ነው። ትምህርት ቤቱ እኮ ለሁለት ወር ተዘግቷል። ትኬቱንማ በየካቲት ነው የቆረጡት፤ ሸዋንዳኝ ያኔ ነግሮኛል። እርስዎ አልሰሙም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አለ ዳልጮ። በዚያች ቤት ደጅ የመጀመሪያውን ውሸት የተናገረው እሱ ራሱ ሆነ።

በየካቲት! «እጅሽን ይዤ» ባላት ወር! ያ ድምፅም ማራገቢያ አልነበረም፤ የባሕር ሞገድ ነበር። እናቱ ጥርሷን ነክሳ «እንጀራህ ነው» ስትለው፣ እሱ ባሕር ዳር ቆሞ ነበር የሚያዳምጣት። ዳልጮ እንግዳዋን ሸኝቶ ከማንጎው ጀርባ ሄደ። ቀና ብሎም እንዲህ አለ፦

«ውሃው ከእናቱ ከበለጠበት፣ ውሃው እዚያው ያስቀረው!»

የኦቾሎ አባት ልጁን አይረግምም። ከረገመም ፀሐይ ሳትጠልቅ እርግማኑን ያነሣል፤ አለዚያ ጎሜው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ብርቅዬ ሰምታው የተሸከመችውን ባልዲ ጣለች። «አባ፣ መልሰው! በእመቤታችን መልሰው!» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። አልመለሰውም። ፀሐይ ጠለቀች። ለዘርፈሽም ማንም አልነገራት።

በስቅለት ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ፣ የጎረቤት ራዲዮ አንድ ዜና ተናገረ። ታይላንድ ውስጥ ወደ ደሴት የሚሄድ፣ የውጭ አገር ሰዎች የጫነ ጀልባ ተገልብጧል፤ ብዙዎቹ አልተገኙም። ብርቅዬ የታምሩን ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። የሸዋንዳኝም ዝግ ነው። ቅዳሜም ዝግ ነው። የፋሲካ ዶሮ ሳይታረድ እሑድ አለፈ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» ብላ ልትጠይቅ አዲስ አበባ ሄደች። ዳልጮ ግን የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። እሱ ያውቃል። ውሃውን የላከው እሱ ነው! ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የአዲሱን ዱንጉዛ የመጨረሻ ክንድ ሲሸምን ዋለ፤ ቀና ብሎ በበሩ የምታየውን ሚስቱን ማየት አልቻለም።

ወሬው ግን በጭነት መኪና ኦቾሎ ወጥቶ ኖሯል። ሰኞ ጠዋት የዳልጮ ዘመዶች «ውሃ በላው!» እያሉ እያለቀሱ፣ እንደ ለቅሶ ወጋቸው ጦርና ጋሻ ይዘው ወረዱ። የኦቾሎ ሰው ለለቅሶ ወርዶ እንዴት ተመለስ ይባላል? ግቢው ሞላ። ዘርፈሽ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች።

«ማን ሞተ?» አለች።

ዳልጮን አየችው። ዳልጮ መሬት መሬቱን አየ።

«ትምህርት ቤት ነው ያለው አላለም እንዴ? ከትምህርት ቤት ምን ውሃ አለ?»

ከዚያ ወዲያ አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ሙሾው ላይ የሚዘረጋ የልጁ ልብስ ስላልነበረ አዲሱን ዱንጉዛ ዘረጉት፤ እሷ ጠርዙን ይዛ እየዳሰሰች ዋለች። ረቡዕ ማለዳ ባሏን ጠራችው። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«የታምሩ አባት... ስትቀብረኝ ይሄን አልብሰኝ።»

«የልጁ ነው እኮ።»

«ልወስድለት ነው። ከውሃ የወጣ ልጅ ይበርደዋል።»

ፀሐይ ማንጎው ላይ ሳትደርስ ዘርፈሽ ዐረፈች። ሐሙስ ዕለት በዱንጉዛው ጠቅልለው ቀበሯት። የሐዋሳው ሐኪም ቢላ ሳይነካት፣ ያ ልጅ የወጣበት ሆድ እንደተዘጋ ወደ አፈር ገባ።

ቅዳሜ፣ ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ ሳይነሣ፣ የብርቅዬ ስልክ ጮኸ። ስሙን አይታ ጮኸችና ስልኩን ጣለችው። ያነሣው ዳልጮ ነው።

«አባ! እንኳን አደረሳችሁ! እ... ኔትወርክ ጠፍቶ ነው። እንዴት ናችሁ? እማ ተሻላት? እስቲ አቅርብልኝ።»

ከወዲያ በኩል አሁንም ሹ... ሹ... ይላል።

«እናትህ የለችም» አለ ዳልጮ። «አንተን ፍለጋ ሄዳለች።»

ታምሩ በደወለ በስምንተኛው ቀን መጣ። ፊቱ በባሕር ፀሐይ ተልጧል። የተገለበጠው ጀልባ እሱና ጓደኞቹ የነበሩበት አልነበረም። የተሻገሩባት ትንሽ ደሴት ስልክ የማይሠራባት ነበረች። «ደስ ብሎኝ ነበር» አለ፣ እየተንሰቀሰቀ፤ «ስልክ ባለመኖሩ ደስ ብሎኝ ነበር። እማን ደግሜ እንዳልዋሽ... ፈርቼ ነው አባ! ስትቆረጥ ማየት ፈራሁ። ተመልሼ በሰኔ እመጣለሁ አልኩ፤ ትቆየኛለች አልኩ።» ዳልጮ ፊቱን አዞረ። ሦስት ቀን ከአንድ ጣሪያ ሥር አንድ ቃል አልሰጠውም። ብርቅዬም ያደረገችው ለወንድምነቱ ያህል ምግብ አቅርባ መውጣት ብቻ ነበር። እሷ ከስምንተኛ ክፍል የወጣችው ለዚህ ነበር?

በአራተኛው ቀን የኦቾሎ ሽማግሎች መጡ። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው ደጁ ላይ ተንበረከኩ። ታምሩ ከኋላቸው በግንባሩ ተደፋ። በጋሞ ምድር ሣር ይዞ ለተንበረከከ ሰው እምቢ አይባልም።

«ዳልጮ፣ ልጁ እናቱን ዋሽቷል። ጎሜ ነው። አምኗል። ማርኩህ በለው» አለ ትልቁ ሽማግሌ።

ዳልጮ በቀስታ ወረደና ከልጁ ጎን እሱም ተንበረከከ። ሽማግሎቹ ተደናገጡ።

«እኔም አለብኝ። ረግሜዋለሁ። ልጄ ሆኖ ሳለ አልመልስም ብዬ ፀሐይ አስጠልቄያለሁ። ለእሷም እውነቱን ደብቄያታለሁ። የሞተ ለመሰለኝ ልጅ ሳለቅስ፣ ያለችኝን ሚስት ገደልኩ። ለሁለታችንም ይሁን ሣሩ።»

ሽማግሎቹ ሣሩን በአባትና በልጅ ራስ ላይ ጣሉ፣ መረቁ፣ ጎሜው ይነሣ አሉ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ታምሩ የአባቱን ጉልበት ይዞ «ይቅር በለኝ» አለው።

«ከእኔ በኩል ይቅር ብዬሃለሁ። የእሷን ግን እኔ ልቀበልልህ አልችልም።»

ዳልጮ ቤት ገባ። የልጁን ሻንጣ ከፍቶ ከታች የታጨቀውን አሮጌውን ዱንጉዛ አወጣ። በጨው ደርቋል፤ ቢራ የፈሰሰበት ቦታ ጠቁሯል። አራገፈው። ከእጥፋቱ ነጭ አሸዋ የጭቃው ወለል ላይ ረገፈ። ከዚያም ልክ የዛሬ ሁለት ዓመት እንዳደረገው፣ ልጁ ትከሻ ላይ ጣለለት።

«ይህን ለብሰህ ወደ መቃብሯ ሂድ። ቆመህ አሳያት። እንዳልበረደህ ትይ...»

ታምሩ ሄደ።

ለቀስተኛው ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው፤ ዕድሏ ነው» እያለ ዳልጮን ሲያጽናና ሰንብቶ ነበር። ይሆናል። የሰው ቀን በፈጣሪ እጅ ነው። ነገር ግን ዕድል የሚባለው ነገር ስንት ጊዜ ከእኛው አፍ ወጥቶ፣ በእኛው እጅ ተፈትሎ፣ በእኛው ቤት ተሸምኖ ይሆን? መሸመኛ ጉድጓዱ ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው፤ የሚፈትልለት የለም። ብርቅዬ ያን አሸዋ ደጋግማ ጠረገችው። ከጭቃው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አላት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ስትለቅም አባቷ ከአልጋው ላይ ሆኖ አያት።

«ተይው ልጄ» አላት። «ይቆይ።»