መብረቁ ካለፈ በኋላ

ሰማዩ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ሲቀደድ በረንዳው ላይ የነበሩት ሁሉ ጆሯቸውን ያዙ። ቀና ሲሉ ከመማሪያ ክፍሎቹ አጠገብ ያለው ባሕር ዛፍ ቅርፊቱ ተልጦ ይጨሳል። ጓንቱን ሊያነሳ ከበረንዳው ሾልኮ የወጣው ልጅ፣ ሙጫ የሚሉት፣ ደግሞ ከዛፉና ከበረንዳው መሃል በጀርባው ተዘርሯል።

ሙጫ የዘጠነኛ ክፍል በረኛ ነው። ኳስ እጁ ላይ ስለሚጣበቅ ነው ይህ ስም የወጣለት። ነጎድጓዱ ገና ከሩቅ ሲሰማ የስፖርት መምህሩ ጨዋታውን አስቁመው ልጆቹን ወደ በረንዳው አስገብተው ነበር። እሳቸው በሜዳው ማዶ የቀሩትን ሊሰበስቡ ሲሄዱ ነው እሱ የወጣው።

መንትያ እህቱ የበረንዳውን ምሰሶ ጨብጣ ቆመች። አጠገቧ የቆመችው የልብ ጓደኛዋ ናት፤ መጠየቅ ስለማይሰለቻት ክፍሉ በሙሉ «ጥያቄ» ነው የሚላት። ጥያቄ እግሯን ስታነሳ የሙጫ መንትያ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«አትንኪው! ኤሌክትሪኩ አንቺንም ይይዝሻል!»

ከኋላ ያሉትም ይህንኑ አሉ። ሁሉም ከልጅነቱ ሲሰማው ያደገው ነገር ነው። ጥያቄም ሰምታዋለች፤ የፊዚክስ መምህራቸውን የጠየቀችውም ለዚሁ ነበር። ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እየተጋጩ የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሚቀባበሉ፣ ቻርጁ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ አየሩ መከልከል ሲያቅተው መብረቅ ሆኖ እንደሚወርድ፣ ዛፍ ከመታም በመሬቱ በኩል ዙሪያውን እንደሚሰራጭ አስረድተዋቸው ነበር። «የተመታውን ሰው ብንነካውስ?» ስትላቸው ክፍሉ ሳቀባት። እሳቸው አልሳቁም።

«መብረቅ አልፎ ሂያጅ ነው፤ ሰው ላይ አያድርም» ነበር ያሏት።

ማወቅ ሌላ፣ መንካት ሌላ። መምህሩ ተሳስተው ቢሆንስ? ሙጫን እንደገና አየችው። ደረቱ ከፍ ዝቅ አይልም። ክንዷን መንጭቃ ሮጠች።

ነካችው። ምንም አልሆነችም። ሰማዩ እንደገና ሲያጉረመርም ብብቱን ይዛ እየጎተተች በረንዳው ላይ አወጣችው። ከዚያ ነርስ የሆነችው አክስቷ በሶፋ ትራስ ያለማመደቻት ነገር ትዝ አላት። መዳፎቿን ደረቱ መሃል ላይ ደራርባ በኃይል፣ በፍጥነት፣ ሳታቋርጥ መጫን ያዘች። አምቡላንስ እንዲጠሩ ስትናገር ከእንቅልፍ እንደባነነ ሰው ወደ ቢሮ የበረረችው የሙጫ መንትያ ናት።

የስፖርት መምህሩ እያለከለኩ ደረሱና አፍ ለአፍ ትንፋሽ ይሰጡት ጀመር። እሷ ክንዷ ሲዝል እሳቸው ይተኳታል፤ ሲደክማቸው መልሳ ትቀበላቸዋለች። በመጨረሻ ሙጫ እንደ ሰመጠ ሰው አየር ሳበ፤ ከዚያም ሳለ። ይሄኔ ጥያቄ ሲሚንቶው ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች። ዝናቡም ያን ጊዜ ወረደ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ጆሮው ለጥቂት ቀን እንደሚጮህበት፣ እግሩ ላይ ያለው ቃጠሎም እንደሚድን ነገሯቸው። ያተረፈው ቶሎ መደረሱ ነው አሉ። ሙጫ ራሱን ሲያውቅ መጀመሪያ የጠየቀው ጎል ገብቶበት እንደሆነ ነበር፤ እናቱ እያለቀሰች ሳቀች። ሴት ልጇንና ጥያቄን ባንድ ላይ አቅፋ፣ እናንተ ባትኖሩ ኖሮ እያለች ግንባራቸውን ሳመች። መንትያዋ ከእቅፉ ቀስ ብላ ወጥታ ወደ ኮሪደሩ ሄደች።

ጥያቄ ተከትላት ወጥታ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አትንኪው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች መንትያዋ። «የገዛ ወንድሜን።»

«እኔም እኮ ፈርቼ ነበር። የነካሁት ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«ውሸትሽን ነው።»

«ሙች!»

መንትያዋ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ከክፍሉ ውስጥ ሙጫ ራበኝ ሲል ተሰማ። መንትያዋ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች።

«ቅድም እጅሽን የት ነበር ያደረግሽው? አሳዪኝ።»

ጥያቄ ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ አጋደመችና የጓደኛዋን መዳፍ ይዛ መሃሉ ላይ አሳረፈችው።