ሐዘን የለም

በጉም ጣቢያው ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሚጠፋ ዝርያ ይመረጣል። ውጭ ጫካ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የተረፈው ሁሉ በመስታወት ጣሪያ ስር፣ ማሽን በሚያመርተው ጉም ይኖራል። ጉሙ እያነሰ ስለሄደ «መዛኙ» የሚባለው ኮምፒውተር ሁለት ዝርያዎችን አወዳድሮ ያነሰ ነጥብ ያገኘውን ዝርያ ጉም ይዘጋል።

የዛሬ ተወዳዳሪዎች ትንሿ የባሌ ጦጣና አንድ ሳረንስት ናቸው፤ እርጥብ ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ፣ አበባ የሌለው ተክል። ሳረንስቱን ከመጨረሻው ግንድ ልጦ ያመጣው የጣቢያው ተመራማሪ የዶክተር ይርገዱ ባል ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

መረጃውን ይርገዱ ራሷ አስገባች። ሳረንስቱ ጉሙን ይዞ ጠብታ በጠብታ ይለቃል። ጦጣዋ የምትበላው ቀርከሃ የሚጠጣው ያንኑ ጠብታ ነው። ውጤቱ ወጣ፦ ጦጣ ዘጠና አንድ፣ ሳረንስት አራት።

«ተበላሽቷል» አለች። «ገመቹ፣ ክፈተው።»

ቴክኒሻኑ ሳቅ አለ። «ዶክተር፣ ጦጣዋ እኮ አንጀት ትበላለች። ትናንት ዳቦዬን ነጥቃኝ እንኳ መቆጣት አቃተኝ።»

«ስለ ዳቦህ አልጠየቅኩህም። ክፈተው!»

ከፍቶ አነበበ። ሳቁ ጠፋ።

«አልተበላሸም። የሐዘን ነጥብ የሚባል አለ። ዝርያውን የሚንከባከበውን ሰው ፊት ይቀርጻል። ለጦጣዋ እኔን ቀርጿል። ለሳረንስቱ ደግሞ...»

«እኔን።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ሲያጠጡት። ‹ሐዘን የለም› ይላል።»

ይርገዱ ጥርሷን ነከሰች። ያኔም በባሏ ለቅሶ ድንኳን ሴቶቹ ከኋላዋ «እንባ እንኳ የላትም» ሲሉ ሰምታ ነበር።

«ማነው ይህን ያስተማረው?»

«የለቅሶ ቪዲዮ ነው የተሰጠው። የጮኸና ደረቱን የመታ አዘነ ይባላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዴ እንደገና ማስመዘን ይፈቀዳል።»

ይርገዱ ካሜራው ፊት ቆመች። ለባሏ ያላደረገችውን አደረገች፤ ደረቷን ደቃች፣ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለች ጮኸች። ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ያስጮኻት ንዴት ነው።

ሳረንስት ዘጠና ስድስት።

ከማዶ የጦጣዋ ክፍል ጉም ሲዘጋ ፉጨቱ ተሰማ። ገመቹ ለጦጣዋ ያመጣትን ቁራጭ ዳቦ ከኪሱ አውጥቶ ይዟት ቆመ። ፊቱ አልተለወጠም። ካሜራው ወደ እሱ ዞረ። የመዛኙ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ሐዘን የለም።»

ይርገዱ ሄዳ ካሜራውን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አሁን አልቅስ» አለችው።