የክፍል ሁለት ጺም

«ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትይ፣ አደራ» አለች የድንቢጥ አክስት፣ የሰው ፊት የምትቀባበትን ብሩሽ እያጠበች።

ወሬው ሳታስበው ነው ያመለጣት። የፊልሙ ክፍል ሁለት የሚባል ነገር የለም፤ ዳይሬክተሩም ካሜራውን ሽጦ ሴራሚክ መነገድ ጀምሯል። ይህን ሰምታ ድንቢጥ ጭጭ አለች። ድንቢጥ ያሏት እንደ ወፍ ሚጢጢም ለፍላፊም ስለሆነች ነው፤ እንዲህ ጭጭ ስትል አክስቷ ይበልጥ ፈራች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አገር ምድሩ ያለቀሰለት ፊልም ነበር። ያንን እንደ አዲስ ካልሠራነው ብለው ተነሱ። አክስቷ ሜካፕ ሠሪ ሆና ገባችና፣ «ይህን ቁመና እዩልኝ» ብላ ወንድሟን ጎትታ አመጣች። ዕድሜ ልኩን ዳቦ ቤት ሊጥ ሲያቦካ የኖረው የድንቢጥ አባት መሪ ተዋናይ ሆነ፣ ጉድ በሉ።

ፊልሙ ወጣ፤ ተመልካቹም ገና በግማሹ ተነስቶ ወጣ። በሬዲዮ ስለ ፊልም የሚያወራው ሰውዬ ደግሞ «በክብር ያረፈውን ቀስቅሰው ገደሉት» ብሎ ጨረሳቸው።

አባቷ ግን ፊልሙ መጨረሻ ላይ በጥይት ተመትቶ ወንዝ ይገባል፤ ይሙት ይዳን አይታወቅም። «ያልሞተ ሰው ይመለሳል» ብሎ ቁጭ አለ። ክፍል ሁለት ከዚያው ወንዝ ስለሚጀምር ጺሙ አንድ ጣት እንኳ መጉደል የለበትም አለ። በየእሁዱ በድንቢጥ የሒሳብ ማስመሪያ ይለካዋል። እናቷ ነገሩን ካነሳች ቤቱ ስለሚታመስ ዝም ብላለች። የሰፈሩ ጎረምሶች «ክፍል ሁለት መጣ!» ይላሉ እሱ ሲያልፍ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሱ አይሰማም። ድንቢጥንማ ትምህርት ቤት አንዱ ምን አላት? «ክፍል አንድን ማን አይቶት?»

ባለዳቦ ቤቷ ለፊልሙ ብሎ ወደተወው ሥራ ልትመልሰው ፈቅዳለች። ሊጥ ክፍል ግን ጺም አይገባም፤ ተላጭቶ ይምጣ፣ እስከ ነገ ሐሙስ ካልመጣ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብላለች።

ድንቢጥ ታዲያ ክፍል ሁለት እየተጻፈ ነው ብለሽው አልነበር ወይ ብላ አክስቷን ጠየቀች።

«ሊያለቅስ ደርሶ አየሁት፣ የኔ ልጅ። ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ በየሳምንቱ ‹የት ደረሰ?› ይለኛል፣ እኔም ገጽ እጨምርለታለሁ» አለች አክስቷ። «ደግሞ ወንድ ልጅ ጺም ይሰለቸዋል፣ ራሱ ይተወዋል ብዬ ነዋ።»

ነገ ሐሙስ ነው አለቻት ድንቢጥ። አክስቷ ብሩሹን ድጋሚ ማጠብ ያዘች፣ ንጹሑን ብሩሽ።

ወደ ቤት ስትመለስ ባለዳቦ ቤቷ ከበሩ ላይ ሆና አባቷ ተላጭቶ እንደሆነ ጠየቀቻት። «ገና ነው፣ እትዬ» ብላ አለፈች። ትኩሱ የዳቦ ሽታ እስከ መታጠፊያው ተከተላት።

አባቷ በደስታ ተቀበላት። እነሱ ጽፈው እስኪጨርሱ ብሎ እሱም ጥቂት ገጽ ጽፏል፣ ከደብተሯ ገንጥሎ። የልጅቷን ቦታ አንቺ አንብቢልኝ፣ ወንዙ ዳር የምታገኘኝ አንቺ ነሽ አላት። ከዚያ ጺሙን በውሃ አርሶ ወለሉ ላይ ተጋደመ፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

ድንቢጥ ወረቀቱን ይዛ ከላይ አየችው። ለካ ሽበቱን በአክስቷ የቅንድብ እርሳስ እያጠቆረ ኖሯል። ውሃው ጥቁሩን እያጠበ አንገቱ ላይ ያወርደዋል፤ ከሥሩ ነጭ በነጭ ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድም ነጭ አልነበረውም።

ባነብለትስ አለች በሆዷ። አንዲት መስመር ናት። ደስ ብሎት ያድራል። ነገ ግን ሊጡን ሌላ ሰው ያቦካዋል፤ አባዬ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚሁ ወለል ላይ ይተኛል።

«አባዬ» አለች።

«ጥሩ፣ ቀጥዪ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ወረቀቱን አጠፈችና አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ የምነግርህ ወረቀቱ ላይ የለም።»

አባቷ ዓይኑን ገለጠ።