እጃችሁ ላይ ተቀመጡ

አንድ ጎልማሳ ሰው ቅዳሜ ከሰዓቱን ሙሉ፣ ያለ ደሞዝ፣ የሌላ ሰው ልጆች ሰብስቦ ቼዝ የሚያስተምረው ለምንድን ነው? እስቲ መልሱ! ሳታስቡ ግን አትመልሱ። ሳያስቡ የሚመልሱ ሰዎች በዚያ ዘመን ከበቂ በላይ ነበሩ።

አንደኛው ጓድ ኃይለሚካኤል ነበር፤ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር። እሁድ ጠዋት፣ ስብሰባው ሊጀመር ሲል፣ ደሚቱን ከአዳራሹ በር ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። በብብቱ ሥር ከላስቲኩ ያልወጣ አዲስ ሰማያዊ ቱታ ይዟል።

«እስቲ ንገሪኝ፣» አላት። «ይኼ የቼዝ አስተማሪያችሁ ምን አገኛለሁ ብሎ ነው የሚለፋው? በነፃ የሚለፋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የደሚቱ ዓይን ቱታው ላይ ነበር።

«እኔ ልንገርሽ። የድሮ ሥርዓት ናፋቂ ነው። የመሳፍንት ጨዋታ ለሕፃናት ያስተምራል። ይኸው በውድድሩ የከተማ መሳቂያ አደረገን! ዛሬ ስብሰባው ያነሳዋል። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።» ቱታውን አስታቀፋት። «ያንቺ ሥራ እጅ ማውጣት ብቻ ነው።»

ደሚቱ በዕድሜዋ ሌላ ሰው ያልለበሰው ልብስ ለብሳ አታውቅም፤ ሁሉም ከአክስቷ ልጆች የወረደ ነው። ላስቲኩን በጣቷ ዳሰሰችው። ወደደችው። ምን ይደረጋል፣ ወደደችው።

*

ደሚቱ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ በመንገዱ ዳር ጎማ ይለጥፋል። እሷ ደግሞ በሰፈሩ የምትታወቀው በእጇ ፍጥነት ነበር፤ ቃል ከአፏ ሳይወጣ ጥፊዋ ይደርሳል። አንድ ቀን «የጎማ ለጣፊ ልጅ» ያለቻትን የክፍሏን ልጅ ከንፈር አደማችና ከትምህርት ቤት ታገደች። እናቷ ወይዘሮ ወይንሀረግ እየጎተቱ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ወሰዷት፤ የይቅርታ ማመልከቻ ሊያስጽፉ።

እዚያ፣ ከአጥሩ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናቸውን ሣጥን ላይ አስቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሽ ወልደአማኑኤል ነበሩ። ጽፈው ጨረሱ፤ ከባርኔጣቸው ሥር አዩዋት።

«ተማቺዋ ይቺ ናት?»

«ይቺው ናት፣ የኔ ጌታ! እጇን ምን እንደማደርገው ጨነቀኝ!» አሉ እናቷ።

«ቅዳሜ ቀበሌው አዳራሽ ይላኩልኝ። እጇን ይዛ ትምጣ።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ደሚቱ የሰማችው ትእዛዝ «እጃችሁ ላይ ተቀመጡ!» የሚል ነበር። ልጆቹ ሁሉ ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተቱ። ሕጉ አጭር ነው፤ አስበህ ሳትጨርስ እጅህን አታወጣም፣ አውጥተህ የነካኸውን ደግሞ የግድ ታንቀሳቅሳለህ።

«ጀለሴ፣ እጅሽ ሲደነዝዝ በእግርሽ እንዳትማቺ ብቻ!» አላት ከጎኗ የተቀመጠው ቱሉ። ከቀበሌው ልጆች እሱን የሚያሸንፍ አልነበረም፤ አራዳነቱም ከጨዋታው አያንስም።

ወራት ሙሉ እጇ ቀድሟት እየወጣ ንግሥቷን አስበላች። አንድ ቅዳሜ ግን እጇ ወደ አንድ ወታደር ተዘረጋ፤ አየር ላይ ቆመ፤ ተመለሰና ከጭኗ ሥር ገባ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ከሌላ ገበታ አጠገብ ቆመው ያዩዋት ነበር። ባርኔጣቸውን አንሥተው መልሰው አደረጉ፤ ፊታቸውም ሩቅ አገር ካለ ዘመድ ደህንነቱን እንደሰማ ሰው በራ። በዚያ ዓመት የደሚቱ እጅ ትምህርት ቤትም፣ ቤትም ብዙ ጊዜ አየር ላይ ቆሞ ተመለሰ። አንዴም ቢሆን ግን «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» አላለቻቸውም። ልጅ ነበረች፤ ምስጋና ጊዜው የማያልፍበት ይመስላታል።

እየቆየች ትንንሾቹን ማገዝ ጀመረች። ከሁሉ ትንሹ በከር ነበር፤ የጨርቅ ነጋዴዋ የመይሙና ልጅ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት የማይደርስ። ለትንንሾቹ በትምህርቱ መጨረሻ ጋሼ የአባቶችን ሰንጠረዥ፣ የጥንቱን ያገራችንን ቼዝ፣ ያጫውቷቸዋል። በዚያ ጨዋታ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል፣ እንደፈለጉ፣ እንደቻሉ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። የዚህ አሰላለፍ ስሙ ወረራ ነው። ልጆቹ በሁለት እጃቸው እየገፉ ሲጮኹ አዳራሹ ይናወጣል።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ እጃቸው ላይ ለተቀመጡ ካሳ ነው፤ ይጩኹ ተያቸው!» ይሉ ነበር ጋሼ እየሳቁ።

*

ነገሩ የተበላሸው በጳጉሜ ነው። ቀበሌዎች የሚጋጠሙበት የቼዝ ውድድር ዋዜማ፣ ጓድ ኃይለሚካኤል ወደ አዳራሹ ገባና ቱሉን ጠራው። ለአብዮት በዓል ሰልፍ ልምምድ ባንዲራ የሚይዝ ረጅም ልጅ ያስፈልጋል።

«ነገ ውድድር አለበት እኮ፣» አሉ ጋሼ።

«ባንዲራ ይበልጣል። ያንን ትንሹን አስገቡት።»

«በከርን? በከር ገና ነው። ሰንጠረዥና ቼዝ አልተለየለትም። እሱን ከምናስገባ በአንድ ሰው ጎድለን እንጋጠም።»

«የእኛ ቀበሌ ጎድሎ አይታይም!»

ደሚቱ ጠጠሮቹን ወደ ሣጥን እየከተተች ይህን ሁሉ ሰማች። ቱሉም ሰማ።

በማግሥቱ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ ዳኛው «ጀምሩ» እንዳለ በከር ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር መዝዞ አወጣ። ተጋጣሚው አንዱን ወታደር ሳይነካ እሱ ፈረሱን፣ ወታደሮቹን፣ ግንቡን በቀኝ በግራ አሰለፈ። ወረራ! ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ዳኛው ከውድድሩ አስወጣው፤ ቀበሌውም በዚያችው ነጥብ ተሸነፈ። በከር ለምን እንደሚስቁበት እንኳ አልገባውም። ጋሼ ተሸክመውት ወጡ፤ መንገዱን ሁሉ ኮታቸው ውስጥ ተደብቆ አለቀሰ።

ዓርብ ዕለት ደሚቱ ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር ሄደች። ያካፋል። ጋሼ ጃንጥላቸውን ለራሳቸው ሳይሆን ለጽሕፈት መኪናው ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ለምን አይናገሩም? ቱሉን የወሰደው እሱ! በከርን ያስገባው እሱ!»

«የሰው አቤቱታ ስጽፍ ነው የምኖረው፣ ደሚቱ። ለራሴ ስጽፍ ግን ጣቴ አይታዘዝም።» ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበሉት። «የአስተማሪነቱን ወንበር ላንቺ ሊሰጡ ነው አሉ። ተቀበዪ። ልጆቹ ሰው አይጡ።»

«እርስዎ ግን ለምንድን ነው የሚያስተምሩት?»

ወዲያና ወዲህ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ ሕፃን ሳለሽ፣ በዚህ ሰፈር አንድ ጊዜ ሁሉም እጁን የዘረጋበት ዘመን ነበር። የሚመልሰው ሰው ጠፋ። ስንቱን ልጅ ቀበርን…» ከጽሕፈት መኪናው ላይ የዝናብ ጠብታ ጠረጉ። «እንግዲህ አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ፣ አስቦ ሲመልሰው ሳይ፣ የዚያን ሳምንት እንጀራዬን የበላሁ ያህል እጠግባለሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።»

*

ስብሰባው ተጀመረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሽ ወልደአማኑኤል ከፊት አግዳሚ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በከር ከእናቱ ጎን አለ፤ ማንም ሳያዘው ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ከትቷል።

ጓድ ኃይለሚካኤል ስለ ፊውዳል ርዝራዥ ብዙ ተናገረ። ስለ ባንዲራውና ስለ ቱሉ ትንፍሽ አላለም። «ተነግሮኝ ነበር» የምትለው ሁለት ቃል ምን ያህል ብትከብደው ነው፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ሕፃን እንዲሸከሙለት ያደረገው? ቀጥሎም ውሳኔውን አነበበ፤ ሰውየው ከማስተማር ይነሣ፣ አዳራሹም ውስጥ ዝር አይበል።

«የምትደግፉ እጅ!»

እጆች እንደ ጫካ በቀሉ። አንዳንዱ ሰው እጁን ያወጣው ጎረቤቱ ስላወጣ ነው፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። ቱሉ ወደ ደሚቱ አየት አደረገ፤ እጁ እስከ ትከሻው ብቻ ወጥቶ ቆሟል።

ደሚቱ እጆቿ ላይ ተቀምጣለች። ቱታው ጭኗ ላይ ነው።

አሰበች። ብትናገር ቱታው ይሄዳል። ወንበሩም ይሄዳል። የአባቷ የጎማ ቤት ፈቃድም በቀበሌው እጅ ነው። ጋሼ ራሳቸው ተቀበዪ ብለዋታል። ልጆቹ ሰው እንዳያጡ። ግን ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ፣ በከር እግሩን እያንጠለጠለ ሲያያት፣ በየትኛው አፏ ነው «እጃችሁ ላይ ተቀመጡ» የምትለው? ስለ ውድድሩ ቢጠይቃት ምን ልትለው ነው? ጥፋቱ የጋሼ ነበር ልትለው?

አስባ ጨረሰች።

«የምትቃወሙ?» አለ ጓድ ኃይለሚካኤል ወረቀቱን እያጠፈ። በዚያ ዘመን ይህ የሚጠየቀው ለወጉ ነበር፤ ጠያቂው ቀና ብሎም አያይ። «የለም። እንግዲህ በሙሉ ድምፅ…»

«አለ።»

አዳራሹ ወደ ኋላ ዞረ። የደሚቱ ቀኝ እጅ ወጥቷል። ከተቀመጠችበት የተነሣ ደንዝዟል፤ ግን አልወረደም። ተነሥታ ቱታውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ተቀመጪ!» አሉ እናቷ ከኋላ፣ በሹክሹክታ።

«መጀመሪያ ጋሽ ወልደአማኑኤልን አመሰግናለሁ፣» አለች ደሚቱ። ድምፁ የሷ አልመስል አላት። «የምማታው እኔ ነበርኩ። እናቴ ትመስክር። እጄን ያስታገሱልኝ እሳቸው ናቸው። ሳልነግራቸው ቆየሁ፤ ዛሬ ልንገራቸው።»

ጋሼ አልዞሩም። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሡት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ጓዲት፣ ይኼ ከአጀንዳ ውጪ ነው!»

«ጥያቄ አለኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።» አሁን ከጎኗ የቱሉ እጅም ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ለውሳኔው ድጋፍ ግን አልነበረም። «በውድድሩ ዋዜማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ቱሉም ነበር። ቱሉን ለባንዲራ የወሰደው ማን ነው? በከር ገና ነው ሲባል፣ አስገቡት ያለውስ ማን ነው? ለብቻዬ በር ላይ አይንገሩኝ። እዚሁ፣ በበከር ፊት፣ ሁላችንም እየሰማን ይመልሱ።»