የሻለቃው ሽጉጥ

ሁለቱ ወንድማማች መሳፍንት ተዋግተው ታላቁ ድል በነሣ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ስምንት ቀን ረፋድ ላይ፣ የኮርቻ ሠሪው ልጅ የሰው ሽጉጥ በመታጠቂያው ሸጉጦ ከአባቱ ሱቅ ወጣ። ዕድሜው ዐሥራ አምስት ነበር፤ እኩዮቹ በቁመቱ ምክንያት «ድንክ» ይሉታል።

በዚያ ዘመን በከተማይቱ የጎረምሳ ክብር የሚለካው በወገቡ ነበር፤ ጎራዴ የታጠቀ በምንጩ አጠገብ ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ጩቤ ያለው ከግርጌው፤ ባዶ ወገብ ግን ቆሞ ውሃ ያቀብላል። ድንክ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ አቀብሏል። ሽጉጡ የአንድ ሻለቃ ነበር፤ የተቀደደ ማኅደሩ እንዲሰፋ ለአባቱ ተሰጥቶ፣ ቀጠሮው ገና ከነገ ወዲያ ነው።

የጎረምሶቹ አለቃ፣ የዳኛው ልጅ፣ ሽጉጡን ባየ ጊዜ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ድንክ ተቀመጠ፤ ደስታው ግን አልቆየም። ኮቴ በሰማ ቁጥር ሻለቃው የመጣ እየመሰለው ይባንን ጀመር።

«ጥይት ጎርሷል?» አለው የዳኛው ልጅ።

«አ… አዎ።» ይጉረስ አይጉረስ አያውቅም ነበር።

«እንግዲያው ከሰዓት ከታች ሰፈር ልጆች ጋር ስንጋጠም አንተ ትቀድማለህ።»

ወዲያው ነጋሪት ተጎሰመ፤ «ያለ ዳኛ ማኅተም መሣሪያ ይዞ የተገኘ፣ ከዛሬ ቀትር ጀምሮ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል!» የሚል ዐዋጅ ተሰማ። ጎረምሶቹ እንደ ቆቅ ጫጩት ተበተኑ።

«እኔ ምን አስሮጠኝ?» አለ የዳኛው ልጅ እየሣቀ፤ «ማኅተሙ ያለው እኛ ቤት ነው።»

ድንክ ነፍሱን ይዞ ወደ ሱቁ ሮጠ። ሻለቃው ግን ዐዋጁን አስቀድሞ ዐውቆ ሽጉጡን ሊወስድ መጥቶ ነበርና፣ ድንክ አባቱን የፊጥኝ ታስሮ አገኘው።

«ለሽፍታ ሸጠኸዋል፤ እመን!» አለ ሻለቃው፣ ጀርባውን ለበሩ እንደ ሰጠ።

አባት ልጁን አየ፤ ወገቡንም አየ። ወዲያው ዐይኑን ነቀለ። «ጠፋብኝ፣ ጌታዬ፤ ጥፋቱ የእኔ የብቻዬ ነው።»

ልጁ ማምለጥ ይችል ነበር። ወደ ውስጥ ገባና ሽጉጡን መሬት አኖረ። «እኔ ነኝ የወሰድሁት። አባባ የሚያውቀው የለም።»

«ለምን ወሰድህ?»

«እንድቀመጥ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

ሻለቃው አልገባውም።

አባትየው ተፈታ። ልጁ በማግስቱ በአደባባይ ዐርባ ጅራፍ ተገረፈ፤ ፍርዱን የሰጠው ዳኛው ነበር፤ የዳኛውም ልጅ ባለማኅተም ጎራዴውን ታጥቆ ከፊት ቆሞ ያይ ነበር። ድንክ ወር ሙሉ በሆዱ ተኛ።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ስለዚያ ወር ያኖረልን አንድ መስመር ነው፤ «ዐዋጁ ተነገረ፤ ከተማይቱም ያለ ደም ጸጥ አለች» ይላል። ጸሐፊው ዋሸ ማለት አይቻልም፤ ከድሃ ልጅ ጀርባ በጅራፍ የሚፈሰው በዚያ ዘመን ከደም አይቆጠርም ነበር።