መኪናዋ ሚዛን ላይ የወጣች ዕለት

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ወንበር ሳቡና አረፍ በሉ። በዚሁ በእኛው ሺሞትሱማ፣ ከመኪና መሽቀዳደሚያው ሜዳ ጀርባ፣ አኩትሱ ጋራዥ ውስጥ የሆነውን ላጫውታችሁ።

የአኩትሱ ልጅ ቺጉሳ ትባላለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የብሎን መፍቻ ከእጇ አይጠፋም። አንድ የብርድ ጠዋት ስልኳ ላይ የሚሸጡ መኪናዎች ስታይ ክው ብላ ቀረች። የወዳጇ የታኩሮ ቢጫ መኪና! ከሥሯ «ለሽያጭ» ይላል።

ያቺ መኪና ከፋብሪካ ይዛው ከወጣችው የቀራት ጣሪያዋ ብቻ ነው። ወንበሮቿ ወጥተው የሾፌሩ ብቻ ተተክቷል፤ ሞተሯ ተቀይሯል፤ ከኋላዋ የገበታ ያህል ክንፍ ቆሞላታል። የምትሽቀዳደመው ከሰው ጋር አይደለም፣ ከሰዓት ጋር ነው፤ ብርዱ በጠናበት ጠዋት አንዲት ዙር፣ ከደቂቃ በታች። ታኩሮና ቺጉሳ ስምንት ዓመት አብረው ደክመውባታል። እሱ ይነዳል፣ እሷ ብሎን ታጠብቃለች። አንድ ቀን ታዲያ «እኔም አንዲት ዙር ብነዳት!» አለችው። እሱ ግን ወደ መኪናዋ ዞሮ መወልወል ያዘ።

በሚያዝያ፣ የፒሩ ዛፍ ባበበ ሰሞን ታኩሮ መኪናዋን ጭኖ ወደ አጎቱ መጋዘን ወሰዳት። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ቺጉሳም ኮራችና አልጠየቀችም። አሁን ደግሞ ሽያጭ!

እሑድ ገዢው መጣ። ኔሞቶ የሚባል ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ ሳቂታ ሽማግሌ ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለች መኪና ሾፌሯ ተቀምጦባት፣ አራት ጎማዋ አራት ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ግራና ቀኟ እኩል መሆኑ ካልታየ አትሸጥም። በአካባቢው ሚዛኑ ያለው አኩትሱ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ታኩሮ ሳይወድ በግዱ ወደዚያው አመጣት።

«ደህና ነሽ?» አላት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«አለሁ። ከአንተ አፍ ብሰማው አይሻልም ነበር?»

ታኩሮ ወደ አባቷ ዞረና፣ «ጋሼ፣ ባዶዋን ብንመዝናትስ?» አለ።

«ምን ነካህ? ባዶ መኪና ማን ይነዳል? ግባ!» አለ አኩትሱ።

ታኩሮ ገባ። ገባ ከተባለ። ወንበሩ ትከሻውን አላስገባ አለ፤ ጉልበቱ ከመሪው ተላተመ።

«አንተ፣ እሷ ጠባ ነው ወይስ አንተ ወፍረህ?» ብሎ ሳቀ ኔሞቶ።

ሚዛኑ ሲነበብ ሳቁ ቆመ። በሾፌሩ በኩል ያለው ጎን ክፉኛ ተጭኗል።

«እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም!» ጮኸ አኩትሱ። «ማን ነው የነካካት?»

«እኔ ነኝ» አለ ታኩሮ። በዚያ ብርድ ላቡ ይንቆረቆራል።

ቺጉሳ ወደ ውስጥ አጎንብሳ አየች። ፔዳሎቹ ወደ ወንበሩ ቀርበዋል። መሪው ዝቅ ብሏል።

«ውጣ» አለችው።

ገባች። ወንበሩ እንደ ሰው እጅ ወገቧን ያዛት። እግሯ ሳትፈልገው ፔዳሉን አገኘው።

«ምን ይላል አባዬ?»

አኩትሱ አራቱን ቁጥር ደግሞ ደጋግሞ አነበበ። «እኩል ነው» አለ። «ግራና ቀኙ እኩል ነው።»

ቺጉሳ መሪውን እንደያዘች ደረቀች። በዕድሜዋ ቀሚስ እንኳ በልኳ ያሰፋላት ሰው የለም።

ኔሞቶ አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። «አርባ ዓመት የሰው አፍ ሳስከፍት ኖሬያለሁ፤ እንዲህ የተዘጋ አፍ ግን አላጋጠመኝም። ኧረ ተናገር አንተ ሰው!»

«ላንቺ ነበር የሠራኋት» አለ ታኩሮ። «ከዚያ የፒሩ ፍሬ ሲለቀም፣ ጋሼ ‹ለቺጉሳ ከሚቶ ከተማ ባል መጣላት› አሉኝ። የሌላ ሰው ሙሽራ መኪና በየቀኑ እያየሁ ልኑር?»

«የማን ሙሽራ?» ቺጉሳ በመስኮቱ ብቅ አለች። «በመተያያው ግብዣ ገና ሾርባው ሳይቀርብ እኮ ነው እምቢ ያልኩት! አባዬ፣ አልነገርከውም?»

ሁሉም ወደ አኩትሱ ዞረ። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«አፍሬ ነዋ! አገናኟ እህቴ፣ ልጅህ አዋረደችኝ ብላ አኩርፋኛለች። ደግሞስ ይሄ ዱዳ ካልተናገረ እኔ በምን ልወቅ?»

«ዱዳስ ሦስት ናችሁ» አለ ኔሞቶ።

ቺጉሳ ታኩሮን ብቻ ነው የምታየው። ስምንት ዓመት አጠገቧ የቆመ ሰው፣ ዛሬ ገና ያየችው ይመስል።

«እኔ ከነዳሁ አንተ ብሎን ታጠብቃለህ?»

«አጠብቃለሁ።»

«ዕድሜ ልክህን?»

«ዕድሜ ልኬን።»

«እንግዲያው ብሎኑን አጥብቀህ አፍህን አላላልኝ።»

ኔሞቶ የመኪናዋን ገንዘብ ወደ ኪሱ መለሰ። «መኪና ልገዛ መጥቼ የሠርግ ሽማግሌ ሆኜ ልመለስ?» አለ። በሠርጉም የክብር ቦታ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።

በጥር፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሳለ፣ ቺጉሳ ዙሯን ነዳች። አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ። ታኩሮ ከዚያ የፈጠነ ስንት ዙር ነድቷል፤ ያን ቀን ግን አጥሩን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጆቼ፣ ይቺን ብቻ አትርሱብኝ። በሰው ልክ የሠራችሁት ነገር ካለ፣ ገዢ ከመፈለጋችሁ በፊት ያን ሰው አንዴ አስቀምጡበት።