ቢጫ ፎጣ

ሚስተር ሄንድሪክ የሞቱት ሰኞ ማታ ነው፤ የተገኙት ዓርብ ከሰዓት በኋላ። በመካከሉ በነበሩት አራት ጠዋቶች ግን ቢጫው ፎጣ በበረንዳቸው ሽቦ ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ነርሷ ጽላትም አራቴ አይታው፣ አራቴ ደብተሯ ላይ «ደህና» ብላ ጽፋለች።

ፎጣውን ያመጣው የነዋሪዎቹ ማኅበር ነበር። ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ፣ ከሐይቁ ገደል በላይ ባሉት ሰባት የድንጋይ ቤቶች የሚኖሩት ሁሉ ከሌላ አገር የመጡ ጡረተኞች ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጉድጓድ ሊቆፍሩ፣ ሊያስተምሩ፣ ሊያዋልዱ መጥተው፣ ሥራው ሲያልቅ ያልሄዱ። ዕድሜያቸው ሰማንያን ተጠግቶም መሰላል ይወጣሉ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በፕላስተር ይቀጥላሉ፣ መደገፊያ በሌለው የድንጋይ ደረጃ በነጠላ ጫማ ይወርዳሉ፣ ተዉ ሲባሉ ደግሞ አርባ ዓመት እንዲህ እንደኖሩ ይናገራሉ። ወይዘሮ ዶሮቴያ አቮካዶ ሊቆርጡ ከወጡበት መሰላል ወድቀው ሞቱ። እንግሊዛዊው ሚስተር ኮሊን ገላ መታጠቢያ ውስጥ አዳልጧቸው ሞቱ፣ ሁለት ቀንም ማንም ሳያውቅ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ነው ማኅበሩ ነርስ የቀጠረው፣ ደንብም ያወጣው። ከእንቅልፉ የተነሣ ሁሉ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ቢጫ ፎጣውን በረንዳው ላይ ይሰቅላል፣ ሲመሽ ያነሣል፤ ነርሷ ዞራ ታያለች፣ ትጽፋለች።

ጽላት ዙሩን በአሥራ ሁለት ደቂቃ ትጨርሰው ነበር። ደረጃ አትወጣም፣ በር አታንኳኳም፤ በጠጠሩ መንገድ ላይ እየተራመደች ቀና ትላለች፣ ቢጫ ካየች ትጽፋለች። ሐምሌ ነበር፤ ከሐይቁ የሚወጣው ጉም ዛፎቹን ውጦ፣ ከጣሪያዎቹ የሚንጠባጠበው ውኃ እዚህም እዚያም ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው እየመሰለ፣ የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የበሰበሰ አቮካዶ ሽታ አፍንጫ ላይ እየተለጠፈ፣ በዚያ ሁሉ ግራጫ መካከል የሚለየው የፎጣዎቹ ቢጫ ብቻ ነበር።

ሚስተር ሄንድሪክ በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ራሳቸው ሊጠግኑት በከፈቱት የውኃ ፓምፕ አጠገብ ተገኙ። ቀኝ እጃቸው ጠቁሮ ነበር። የመጣው የፖሊስ መርማሪ ስለ ፓምፑ ብዙም አልጠየቀም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ያውቃል። የጽላትን ደብተር ግን ሁለት ጊዜ አገላበጠው።

«ጽሑፉ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ማክሰኞ ደህና፣ ረቡዕ ደህና፣ ሐሙስ ደህና። ዛሬም ደህና።»

«ፎጣው ተሰቅሎ ነበር አልኩህ እኮ።»

«የሰቀለውስ?»

ደብተሯን ተቀበለችው። እሱም ፎጣ መስቀል ወንጀል እንዳልሆነ ያውቃል፤ «አደጋ» ብሎ ጻፈና ሄደ።

ጽላት የጠረጠረችው ዘበኛውን ነው። ጋሽ ቱፋ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፤ ማንም እንዳይጨቀጭቃቸው የቀረ ፎጣ ሁሉ ራሳቸው ቢሰቅሉስ? ሐሳቡ ደስ የሚል ባይሆንም ሰው ያለበት ሐሳብ ነበር። እሳቸው ደግሞ እሷን ጠርጥረዋል፤ በበሩ ባለፈች ቁጥር ሰላምታቸው እያጠረ መጣ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ሌሊቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ገና ሳያባራ፣ በሦስት ቁጥር ቤት በረንዳ ላይ ቢጫ ፎጣ አየች። ሦስት ቁጥር የወይዘሮ ዶሮቴያ ቤት ነው። ከሞቱ አምስት ወር አልፏቸዋል፣ ፎጣ የሚባል ደንብ ሳይወጣ ነው የሞቱት፣ ቁልፉም ያለው ከጽላት ዘንድ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃውን ወጣች። ነፋሱ ዝናቡን እየገፋ በረንዳውን እስከ ግድግዳው አርጥቦት ነበር፤ ፎጣው ግን ደረቅ ነበር፣ ደረቅ ብቻ ሳይሆን ለብ ያለ፣ ከሰው ትከሻ ላይ አሁን የተነሣ ይመስል። በሩን ከፍታ ገባች። ቤቱ ውስጥ የታፈነ አየር፣ የናፍታሊን ሽታ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ለይታ የማታውቀው ጣፋጭ ሽታ ነበር፤ መጋረጃዎቹ ስለተዘጉ ጨለማው ወፍሮ የዕቃዎቹን ጠርዝ ሸሽጎታል። ወለሉ ላይ አምስት ወር የተኛ አቧራ ነበር። ከራሷ ጫማ በቀር ምንም ዱካ አልነበረበትም። ቆማ አዳመጠች፤ ከወዲያኛው ክፍል አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ እሷን የሚያዳምጣት መሰላት። ወጣች፣ ቆለፈች፣ ወደ ግቢው በር በሩጫ ወረደች።

«ጋሽ ቱፋ፣ ሦስት ቁጥር ላይ ማነው ፎጣ የሰቀለው?»

«ኧረ በማርያም! እዚያ ማን አለና?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎ።»

«ቁልፉ ያንቺ፣ ደብተሩ ያንቺ፣ ጥያቄው ለኔ!» አሉ ጋሽ ቱፋ፣ ካፖርታቸውን ወደ አንገታቸው እየሳቡ። «ስሚ፣ እኔ ከመሸ ወደዚያ ወደ ላይ መውጣት ከተውኩ ሁለት ወሬ ነው። ጉልበቴ ነው እያልኩ አወራለሁ። ጉልበቴ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ሚስተር ኮሊን ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ያኔ። ‹ሰላም ነዎት ወይ?› አልኩ። ‹ደህና ነኝ ቱፋ› አለኝ። ኋላ ሐኪሙ ሲናገር፣ ያን ጊዜ ከሞተ ቀን አልፎታል።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ለማን ልንገር? ጠጥቶ ነው ይሉኛል። ደግሞ እጠጣለሁ።»

በሳምንቱ ውስጥ ቤቶቹ ባዶ ሆኑ። ቀሪዎቹ ሦስቱ ጡረተኞች አንዱ ወደ አገሩ፣ ሁለቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። የቀሩት እማማ ብሪታ ብቻ ነበሩ፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ስዊድናዊት አዋላጅ፣ ከባላገሩ የተማሩትን አማርኛ ሳይቆጥቡ የሚናገሩ፣ ጆሯቸው የከዳቸው፣ ምላሳቸው ያልከዳቸው።

«ስዊድን ማንን ላገኝ ነው የምሄደው?» አሉ፣ ጽላት ስትጨቀጭቃቸው። «የማውቀው ሁሉ መቃብር ነው። እሱንም በረዶ ሸፍኖታል።»

ጽላት ለስለስ ያለች ሴት አይደለችም፤ ለሽማግሌዎቹ ሻይ ቀድታ፣ ፎቶግራፋቸውን አይታ አታውቅም። ይህችን አንዲት ሴት ግን በሕይወት ከዚህ ግቢ ማስወጣት አለባት። ደብተሩ ላይ በጻፈቻቸው አራት ቃላት ምክንያት ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም፣ አምስተኛ ብትጨምርበት ከዚያ ወዲያ የማንንም በሽተኛ እጅ የምትይዝበት ፊት እንደማይኖራት ታውቃለች። ፎጣዎቹን ሰበሰበችና ጣለቻቸው። ጠዋትና ማታ በር ላይ ቆማ ድምፃቸውን ልትሰማ ወሰነች።

ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ረቡዕ ጠዋት አንኳኳች።

«እማማ ብሪታ! ደህና አደሩ?»

«ደህና ነኝ ልጄ» አለ ከውስጥ ያ የተሰነጠቀ ድምፅ፣ ከበሩ እንጨት ሥር የሚወጣ ያህል ቀርቦ። «ደህና ነኝ። ሂጂ ወደ ሥራሽ።»

እርሳሷን አወጣች። በዚያን ጊዜ ከኋላዋ ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። እማማ ብሪታ በከዘራቸው እየተደገፉ፣ በሌላው እጃቸው አንድ እቅፍ ጎመን ይዘው ከጓሮ አትክልታቸው በኩል ይመጡ ነበር።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አሉ።

ጽላት እርሳሷ የት እንደወደቀ አላየችም። ከበሩ ወዲያ ጸጥታ ነበር፤ ባዶ ቤት ያለው ጸጥታ ግን አልነበረም፣ የተያዘ ሰው ጸጥታ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር በጣም በቀስታ ከበሩ ራቀ። ክንዳቸውን ይዛ ወደ መንገዱ ጎተተቻቸውና የሰማችውን ነገረቻቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ እያለ ዓይናቸው ቆመ።

«ሄንድሪክም ነግሮኝ ነበር» አሉ። «‹መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ አንድ ሰው በኔ ድምፅ ደህና ነኝ እያለ ይለማመዳል› ብሎኝ። ሽማግሌ ጃጅቷል ብዬ ሳቅኩበት።»

«እንሂድ። አሁኑኑ።»

«ቅዳሜ» አሉ እማማ ብሪታ። «ተማሪዬ የነበረች ሴት አዲስ አበባ ቤት አላት፣ ቅዳሜ መኪና ትልክልኛለች። ሐሙስና ዓርብ ሻንጣ እሸክፋለሁ። እንደ ሌባ በአንድ እግር ጫማ አልወጣም።»

ክርክሩ እስከ እኩለ ቀን ቆየ፣ ጽላት ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ ግን ድምፅም አልበቃትም፤ ትገባለች፣ ፊታቸውን ታያለች፣ እጃቸውን ይዛ የልባቸውን ምት ትቆጥራለች። ሐሙስ ሰባ ሁለት ነበር፣ ዓርብ ሰባ። ዓርብ አመሻሹ ላይ «ነይ፣ ሶፋው ላይ እደሪ» ቢሏት፣ ልብሷን ካላመጣች እንደማይሆን ተናግራ ወደ ታችኛው ክፍሏ ወረደች። ፈርታ ነበር፤ ለራሷ ግን ደክሞኛል አለች።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ስትመጣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሻንጣዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። የከሰል ሽታ ነበር። እማማ ብሪታ ከሰል ቤታቸው አስገብተው አያውቁም፤ በከሰል ጭስ ታፍነው ያለቁ ቤተሰቦችን በአዋላጅነታቸው ዘመን አይተዋል፣ ሐምሌን በሁለት ሹራብ ነው የሚያልፉት። ጽላት በኮሪደሩ ሮጣ የመኝታ ቤቱን በር ከፈተች። ትኩስ፣ ከባድ አየር ፊቷን መታት። መጋረጃው ተዘግቷል፤ በጨለማው መካከል ወለሉ ላይ አንድ ምድጃ ቀልቶ ይታያል፣ እስከ አፍ ገደፉ በተሞላ ፍም፣ እማማ ብሪታም ከአልጋው ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል።

አንገታቸውን ዳሰሰች። ይመታ ነበር። ደካማ ነው፣ ግን ይመታል። ደርሳለች።

መስኮቱን ገፋችው፣ እንጨቱ በዝናብ አብጦ አልንቀሳቀስ አለ። በብብታቸው ይዛ ጎተተቻቸው፤ ቀላል ይመስሉ የነበሩት ሴት ድንጋይ ሆነውባታል። ወደ በሩ ዘወር ስትል በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ሲዘጋ አልሰማችም። እጀታውን ልትይዝ ስትነሣ ተመልሳ ወደቀች። ራሷ ውስጥ መዶሻ ይመታል፣ ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ በአፏ የብረት ጣዕም መጣ። ይህን ምልክት ተምራዋለች፣ ፈተና ላይ ጽፋዋለች፤ ስንት ደቂቃ እንደቀራትም ታውቃለች። በደረቷ እየተሳበች ከበሩ ሥር ወዳለችው ቀጭን ብርሃን ተጠጋች፣ አፏን ለጠፈችባት፣ አየር ሳበች።

ከውጭ የመኪና ሞተር ተሰማ፣ ከዚያም በጠጠሩ ላይ የጋሽ ቱፋ የሚያነክስ እርምጃ። ወተት ለማድረስ ካልሆነ ወደ ላይ አይወጡም ነበር።

«ጽላት! መኪናው መጥቷል! ደህና ናችሁ ወይ?»

አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። በጥፍሯ እንጨቱን ቧጠጠች፣ ድምፁ ግን ከልቧ ምት አልበለጠም። በበሩ ሥር ባለው ብርሃን ውስጥ ግን የሁለት እግሮች ጥላ አየች፤ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ከእሷ አንድ ክንድ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቆሟል።

«ደህና ነን!» አለች አንዲት ወጣት ሴት፣ ትዕግሥት ባለቀበት፣ ጽላት በቀረጻ ብትሰማው የራሴ ነው ብላ በምታፍርበት ድምፅ። «እማማ ትንሽ ልረፍ ብለዋል፣ ሹፌሩ ነገ ይምጣ። ይሂዱ በቃ ጋሽ ቱፋ፣ እኔ አለሁ አይደል!»

ዝናቡ ትንሽ ተንጠባጠበ።

«እሺ የኔ ልጅ፣ አንቺ ካለሽማ» አሉ ጋሽ ቱፋ፣ ከጭንቅ የተገላገለ ሰው እፎይታ በድምፃቸው እየተሰማ፤ ኮሪደሩ ላይ የቆመችውም ጽላት በፈጣን እርምጃ ወጣችና የቤቱን በር ከኋላዋ ዘጋችው።